የግራዋ ፓውደር ሪቪው፦ ቺምፓንዚዋ በየቀኑ አልጠጣችም

ከ5 ኮከብ 2 ሰጥቻለሁ፣ ሁለቱም ለምሬቱ ናቸው። ምሬቱ የእውነት ነው፣ ዱቄት ያልተቀላቀለበት፣ ጠዋት የጠጣችሁት ከሰዓት ቡና ስትጠጡ ምላሳችሁ ላይ ተመልሶ የሚመጣ። ስለዚህ ግራዋ አይደለም ብዬ ሰዎቹን አላማም፣ የማማቸው በሌላ ነው።

ላላያችሁት፣ ሰሞኑን ቴሌግራምና ቲክቶክ ላይ የግራዋ ቅጠል ፓውደር በሽ ነው፣ ብዙ ሰው ነው የሚሸጠው፣ እኔ የገዛሁበትን ቤት ስም አልጠራም፣ ፓኬቱ ላይ የሚጽፉትም ከሌላው የተኮረጀ ስለሚመስለኝ አንዱን ብቻ ነጥሎ መምታት ደስ አላለኝም። የኔው ዚፕ ያለው ቡናማ ፓኬት ነው፣ 200 ግራም፣ 600 ብር ከነዴሊቨሪው። ከፊቱ የዝንጀሮ ፎቶ አለው፣ ከፎቶው ስር «የዱር እንስሳት ራሳቸውን የሚያክሙበት፣ በሳይንስ የተረጋገጠ» ይላል። ከኋላው ያው የምታውቁት ዝርዝር ነው፣ ጨጓራ፣ ስኳር፣ ግፊት፣ ውፍረት፣ ወባ፣ የሆድ ትል፣ የቆዳ ችግር፣ እንቅልፍ ማጣት ሳይቀር። ከዛ አጠቃቀም፦ «በየቀኑ ጠዋት በባዶ ሆድ አንድ የሾርባ ማንኪያ፣ ለጤነኛ ሰውም ይመከራል።» ይቺን የመጨረሻዋን ያዙልኝ።

ሰርቪሱን በአጭሩ ልጨርሰው። ዴሊቨሪው ፈጣን ነው፣ ልጁም ጨዋ ነው፣ ደውሎ «እህቴ በር ላይ ነኝ» ብሎ በትእግስት ጠበቀኝ። ፓኬቱ በደንብ ታሽጓል። የተመረተበት ቀን የለም፣ የሚያበቃበት ቀን የለም፣ የምግብና መድኃኒት ባለስልጣን ቁጥር የሚባል ነገርም የለም። ዱቄቱ ደቃቅ ነው፣ ውሃ ውስጥ ግን አይሟሟም፣ ከላይ ይንሳፈፋል ከዛ ጉሮሮ ላይ ይቀራል፣ በማር ሞክሩት ይላሉ፣ ማሩ ነው የሚበላሸው።

እማዬ ፓኬቱን አይታ «ግራዋ? በብር?» አለችና ዝም አለች። ልክ ነች እኮ፣ ግራዋ አጥር ላይ የሚበቅል ነገር ነው፣ የጠላ ጋንና እንስራ ስናጥብበት ኖረናል፣ ሆዱን ያመመው ልጅ ጭማቂውን ይጋታል፣ ገጠር ያደገ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ናይጄሪያዎች ደግሞ ደጋግመው አጥበው ምሬቱን ቀንሰው ሾርባ ይሰሩበታል። ስለዚህ እኔ 600 ብር የከፈልኩት ለቅጠሉ ሳይሆን ለዛች «በሳይንስ የተረጋገጠ» ለምትለው ዓረፍተ ነገር ነው፣ እሷን ደግሞ ገብቼ አነበብኩላት፣ ሪቪው የምጽፈውም ስለሷ ነው።

መጀመሪያ ፎቶው። ፓኬቱ ላይ ያለው እንስሳ ጭላዳ ነው፣ ደረቱ ላይ ያ ቀይ ነገር ያለው፣ ከኢትዮጵያ ውጪ የትም በዱር የማይገኘው የሰሜን ተራሮች ጭላዳ። ጭላዳ ቀኑን ሙሉ ቁጭ ብሎ ሳር ነው የሚግጠው፣ ግራዋ በላ የሚል ነገር አላገኘሁም። ግራዋውን የተጠቀሙት ቺምፓንዚዎች ናቸው፣ እነሱ ደግሞ እኛ አገር የሉም። እሺ ይሁን፣ ዲዛይነሩ ጎግል ላይ ያገኘውን ለጥፎ ነው እንበል።

ዋናው ነገር ግን እውነት ነው፣ እና ታሪኩ በጣም ነው ደስ የሚለው፣ ሻጮቹ ይሄን አሳጥረው በአንድ መስመር መጨረሳቸው ነው የሚያናድደኝ። ቦታው ታንዛኒያ ነው፣ ታንጋኒካ ሐይቅ ዳር ያለው የማሃሌ ተራሮች ፓርክ። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 1987 ማይክል ሃፍማን የሚባል ተመራማሪ ከሞሃመዲ ሰይፉ ካሉንዴ ጋር ሆኖ ቻውሲኩ የሚል ስም የሰጧትን ሴት ቺምፓንዚ እየተከተሉ ነበር። ቻውሲኩ አሟታል፣ ትተኛለች፣ ከሌሎቹ ወደኋላ ትቀራለች፣ ሽንቷ ጠቁሯል ሆዷም ልክ አይደለም። በመሃል አንድ ቁጥቋጦ ጋ ሄደች፣ ለጋውን ቅርንጫፍ ሰበረች፣ ቅጠሉን አራገፈች፣ ልጣጩን በጥርሷ ላጠች፣ ከዛ የውስጡን ለስላሳ ክፍል እያኘከች ጭማቂውን መጠጠች፣ ቃጫውን ተፋችው። ቁጥቋጦው ግራዋ ነው። የኛው ግራዋ፣ ያው ራሱ ዝርያ፣ ቬርኖኒያ አሚግዳሊና።

ካሉንዴ የአካባቢው የቶንግዌ ህዝብ ሰው ነው፣ የባህል ህክምናውንም የሚያውቅ፣ እና ወዲያው ይሄ እኮ ለኛም ጠንካራ መድኃኒት ነው አለ፣ ቶንግዌዎች ለሆድ፣ ለትል፣ ለወባ ይጠቀሙበታል። በማግስቱ ቻውሲኩ ተሽሏት እንደ ድሮዋ መብላትና መሄድ ጀመረች። ቆይቶ በ1991 ሌላ ሴት ቺምፓንዚ እንደዚሁ ስታደርግ ሰገራዋን መርምረው የአንጀት ትሉ እንቁላል በ20 ሰዓት ውስጥ ከ130 ወደ 15 ወርዶ አገኙት። አንድ እንስሳ ናት እርግጥ፣ አንድ እንስሳ ማረጋገጫ አይሆንም፣ ግን ዝም ብላችሁ የምታልፉት ቁጥርም አይደለም።

የካሉንዴ ቤተሰብ ራሱ ታሪክ አለው። አያቱ መንደሩ ውስጥ ተቅማጥ ገብቶ ሰው ሲያልቅ፣ እንደዛው ያመመው ጃርት የአንድ ተክል ስር ቆፍሮ ሲበላና ሲድን አይተው ነው መድኃኒቱን ለሰው ያመጡት ይባላል። ስለዚህ ከእንስሳ መማር የቲክቶክ ፈጠራ አይደለም፣ ሃፍማንም መንገዱን ያገኘው ካሉንዴን ተከትሎ ነው። ሻጮቹ «የውጭ ሳይንቲስቶች ያገኙት» ብለው ሲጽፉ የካሉንዴ ስም የትም የለም።

አሁን ወደ ፓኬቱ እንመለስ። ቻውሲኩ ያደረገችውን ድጋሚ አንብቡት እስኪ። ቅጠሉን አራገፈች። ልጣጩን ላጠች። ውስጡን ብቻ ነው የመጠጠችው። እኔ የገዛሁት ምንድነው? የቅጠል ዱቄት! እሷ የጣለችውን ነው ፈጭተው የሸጡልኝ!

ይሄ ደግሞ ዝም ብሎ አመሏ አይደለም። የጃፓን ኬሚስቶች ተክሉን ክፍል በክፍል ሲያዩት ቬርኖዳሊን የሚባለው መርዛማነት ያለው ነገር በብዛት ያለው ቅጠሉና ልጣጩ ላይ ሆኖ ተገኘ፣ ውስጠኛው ክፍል ላይ ደግሞ ቬርኖኒዮሳይድ የሚሏቸው ሌሎች መራራ ነገሮች አሉ፣ ትሎቹን የሚያስቸግሩትም ከነሱ መሃል ናቸው ተብሎ ነው የሚታሰበው። ማለትም ቺምፓንዚዋ ልጣ የምትጥለው የሚጣለውን ነው። ቅጠሉን የሚበላ ሰው ሁሉ ይሞታል እያልኩ አይደለም፣ ናይጄሪያዎች ስንት ዘመን በልተውታል፣ ግን እነሱም አጥበው ጨምቀው ነው፣ ጥሬውን ፈጭተው በባዶ ሆድ በሾርባ ማንኪያ አይደለም።

ሁለተኛው ነገር መጠኑ ነው፣ እኔን ከሁሉም በላይ ያሳሰበኝ ይሄ ነው። ማሃሌ ላይ ግራዋ ሲያኝኩ የታዩት ቺምፓንዚዎች የታመሙት ናቸው፣ ያኝካሉ፣ አንዳንዴ ከደቂቃ ባነሰ ጊዜ ቢበዛ ወደ 8 ደቂቃ፣ ያበቃል፣ ይሄዳሉ። አጠገባቸው ያሉት ጤነኞቹ ትልልቆች ዞር ብለው እንኳን አይነኩትም፣ ግልገሎች ብቻ እናታቸው የጣለችውን አንስተው ይቀምሱታል። እና ፓኬቱ «ለጤነኛ ሰውም ይመከራል፣ በየቀኑ» ይላል። ከየትኛው ቺምፓንዚ ነው ይሄን ያመጡት?

ይሄንኑ በቴሌግራም ጻፍኩላቸው፣ «የኔ ቆንጆ ተፈጥሮ ስለሆነ ጉዳት የለውም» ብለው መለሱልኝ ከነልቡ ኢሞጂ። ጉዳት የለውም? አሪዞና ውስጥ ጸጉራም አባጨጓሬ አለ፣ አንድ ዓይነት ዝንብ እንቁላሏን ትጥልበትና እጮቹ ከውስጥ ይበሉታል። የተያዘው አባጨጓሬ መርዝ ያለባቸውን ተክሎች ከወትሮው አብዝቶ ይበላል፣ እና ሲበላ የመትረፍ እድሉ ይጨምራል። በ2009 የወጣው ጥናት ግን ሌላውንም ጎን አሳይቷል፣ ያልታመመው አባጨጓሬ ያንኑ መርዝ አብዝቶ ሲወስድ በህይወት የመቆየት እድሉ ይቀንሳል። ያው መርዝ ለታመመው መዳኛ፣ ለጤነኛው መጥፊያ። አባጨጓሬ የሚያውቀውን ነጋዴ እንዴት ያጣዋል?

«ተፈጥሮ ነው» ለሚለው ሌላም አለ። ሜክሲኮ ሲቲ ውስጥ ትንንሽ ወፎች የሲጋራ ቁራጭ ጎጇቸው ውስጥ ይጎዘጉዛሉ፣ ኒኮቲኑ ቅንቅኑን ይቀንስላቸዋል፣ ይሰራል። ግን የጫጩቶቹ ደም ሲታይ ሴሎቻቸው ላይ የዘር ጉዳት ተገኝቷል። ትምባሆም ቅጠል ነው እንግዲህ።

ድሮ የኛ ሰው ኮሶ ሲጠጣ እንዴት ነበር? ትል ሲያስቸግረው ነው፣ ጥሬ ስጋ የሚወድ ሰው በየሁለት ወሩ ገደማ ይጠጣል፣ የሚጠጣበት ቀን ይታወቃል፣ ከስራ ይቀራል፣ ቤት ይውላል፣ ከዛ ሻረ ይባላል፣ አለቀ። በየቀኑ ኮሶ በሾርባ ማንኪያ የሚወስድ ሰው ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? ከልክ ያለፈ ኮሶ ዓይን እንደሚጎዳ ሁሉ የሚታወቅ ነገር ነው።

ቲክቶካቸው ላይ ያለውን ቪዲዮም ልጨምር። ፊቱ ላይ ቁስል ያለበት ኦራንጉታን ቅጠል እያኘከ ሲቀባ ያሳያሉ፣ ከስሩ «የግራዋ ተዓምር» ተብሎ ተጽፏል። ያ ኦራንጉታን ራኩስ የሚል ስም የተሰጠው ነው፣ ሱማትራ ኢንዶኔዥያ፣ ጁን 2022 የታየ፣ በሜይ 2024 የታተመ። ያኘከው ግራዋ ሳይሆን አካር ኩኒንግ የሚባል የዛው አገር ሐረግ ነው፣ ጭማቂውን ቁስሉ ላይ ደጋግሞ ቀባው፣ ከዛ ያኘከውን ቅጠል ልክ እንደ ፋሻ ለጠፈበት፣ በቀናት ውስጥ ቁስሉ ገጠመ። በጣም የሚገርም ነገር ነው፣ ተመራማሪዎቹ የዱር እንስሳ መድኃኒትነት ያለው ተክል ቁስሉ ላይ ሲቀባ በዚህ መልኩ ሲመዘገብ የመጀመሪያው ነው ብለዋል። ከፓኬቱ ጋር ግን አንድ የሚያገናኘው ነገር የለም፣ ሌላ እንስሳ፣ ሌላ ተክል፣ ሌላ ህመም፣ ሌላ አወሳሰድ።

ደግሞ ሁሉም ነገር ፓውደር አይሆንም። ቺምፓንዚዎች ሻካራ ቅጠል የሚውጡበት ሌላ ዘዴ አላቸው፣ ጠዋት ከሌላ ምግብ በፊት ቅጠሉን አንድ በአንድ በምላሳቸው አጣጥፈው ሳያኝኩ ይውጡታል። ሪቻርድ ራንግሃምና ቶሺሳዳ ኒሺዳ የሚባሉ ተመራማሪዎች በ1983 የጻፉበት ነው። መጀመሪያ ቅጠሉ ውስጥ ያለ ኬሚካል ነው የመሰላቸው፣ በኋላ ሲታይ ግን ቅጠሉ ሳይፈጭ በሰገራ ይወጣል፣ ትሎችም አብረው ይወጣሉ፣ አንዳንዶቹ ቅጠሉ እጥፋት ውስጥ እንደተያዙ። ስራውን የሚሰራው ሻካራነቱ ነው፣ አንጀትን ጠርጎ ማውጣቱ። ያንን ቅጠል አድርቃችሁ ብትፈጩት ምን ይቀራል? ነገ እሱንም በፓኬት ይዘው እንደሚመጡ ግን አልጠራጠርም።

እኛው አገር ያለውን ታሪክ ሳልነግራችሁ ባልፍ ይቆጨኛል፣ ይሄንን ሻጮቹ ቢያውቁት በትልቁ ይጽፉት ነበር ግማሹን ብቻ። አዋሽ ፏፏቴ አካባቢ ያሉ ዝንጀሮዎችን ያጠናች ጄን ፊሊፕስ ኮንሮይ የምትባል ተመራማሪ አለች። ከፏፏቴው በታች ቢልሃርዝያ የሚባለውን የትል በሽታ የሚያስተላልፉት ቀንድ አውጣዎች አሉ፣ ከላይ የሉም። በረሃ የሚበቅለው እሾሃማው በደኖ ደግሞ ከላይም ከታችም አለ፣ ግን ፍሬውን የሚበሉት የታችኞቹ ዝንጀሮዎች ሆነው ተገኙ። ሰው ሁሉ አጨበጨበ፣ በቃ ዝንጀሮ ቢልሃርዝያን ራሱ ያክማል ተባለ፣ እስከዛሬም የሚደግሙት አሉ። ግን እሷው ራሷ ከባልደረባዋ ጋር ሆና በ1986 በደኖ ውስጥ የሚገኘውን ዲዮስጀኒን የሚባለውን ነገር ቢልሃርዝያ ባለባቸው አይጦች ላይ ሞከረችው፣ እና አይጦቹ ባሰባቸው። ባሰባቸው! ሰው የራሱን ቆንጆ ሀሳብ ላብራቶሪ ወስዶ ሲፈትሽና መልሱን ሳይደብቅ ሲያወጣው ነው እኔ «በሳይንስ» የሚለውን የማምነው። ተመራማሪው አክሊሉ ለማም እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች የሞቱ ቀንድ አውጣዎችን ሲያይ ፓኬት አላሳተመም፣ ዘመኑን ሙሉ ሲመረምረውና ሲፈትሸው ነው የኖረው።

እና ማን ይግዛው? የጓሮ ግራዋ የሌለው፣ ዕቃ ማጠቢያ የፈለገ ይግዛው፣ ለዛ ግን ውድ ነው። የስኳር መድኃኒት የሚወስድ ሰው ሀኪሙን ሳይጠይቅ እንዳይነካው፣ በእንስሳት ላይ በተደረጉ ሙከራዎች ግራዋ ስኳር ሲያወርድ ታይቷል፣ ሁለቱ ተደራርበው ሊጥሉት ይችላሉ። ነፍሰ ጡር የሆነች እህቴ ጨርሶ ትተወው። ወባ የያዘው ሰው ደግሞ እባካችሁ ጤና ጣቢያ ይሂድ፣ ፓኬቱ ላይ ወባ ብሎ መጻፍ ራሱ ነውር ነው።

ሻጮቹ ይሄን እንደሚያነቡ አውቃለሁ፣ ኮሜንት ላይ ይመልሱልኛል። ጭላዳውን አንሱት፣ ቀን ጻፉበት፣ «በየቀኑ»ንና «ለጤነኛ ሰው»ን ሰርዙ፣ የኦራንጉታኑን ቪዲዮ አውርዱት፣ ቅጠል መሆኑንና ቺምፓንዚዎቹ የሚጠቀሙት ሌላውን ክፍል መሆኑን በግልጽ ጻፉ። ይሄን ካደረጋችሁ ተመልሼ መጥቼ ኮከቡን 4 አደርገዋለሁ። 5 አይሆንም፣ ማሬን አበላሽታችኋል።